እስከ ድሬዳዋ ድረስ

አቃቂ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሻል? ያ ትኩሳት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ይጎበኝሻል? እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ ከነደም ግፊቴ፣ ከነጨጓራዬ፣ ከነወሬዬ አለሁ፤ ከሦስቱ ደግሞ ወሬዬ በጣም ደህና ነው። አሻግሬም ደህና ነው። ባሌ ደህና መሆኑን በአፉ የሚናገር ሰው ስላልሆነ እኔ እናገርለታለሁ። ልጅሽን ሳምራን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የላክሽልኝን ፎቶዋን ሳየው ቁርጥ እማዬ፤ በተለይ ግንባሯን ስትቋጥር።

ስልክሽ ከእሑድ ወዲህ አልሠራ አለኝ። ስደውል ያቺ የማትደክም ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። ደግሜ ስደውል ደግማ ትነግረኛለች። በመጨረሻ እኔም መልሼ አናገርኳት፤ እህቴ እኮ ናት፣ ምን ደንበኛ ትይኛለሽ አልኳት። አሻግሬ ሰምቶኝ ሳይስቅ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። እኔና አንቺ እንደሁ የደብዳቤ ልጆች ነን። አባባ አቃቂ ጣቢያ በሚሠራበት ዘመን ለድሬዳዋ ዘመድ የተጻፈ ሁሉ በባቡር ሠራተኞች ኪስ ነበር የሚሄደው፤ እኛም አድራሻ መጻፍ የተማርነው ፊደል ከመቁጠራችን ጋር ነው። አንቺም እዚያ ከገባሽ በኋላ «ስልክ ላይ ትሮጫለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን ትራመጃለሽ፤ የልብሽን ጻፊልኝ» ብለሽኛል። ይኸው እየተራመድኩ ነው።

የልቤ ደግሞ ይህ ነው። እመጣለሁ። በየዓመቱ እመጣለሁ እያልኩ በየዓመቱ ሰበብ እየፈለግኩ ስቀር ኖሬ፣ ለዘንድሮው ታኅሣሥ ገብርኤል ግን ቆርጫለሁ። ቁልቢን አብረን እናነግሣለን፣ ከዚያ ቤትሽ ተቀምጬ ከምሳ እስከ ራት አወራልሻለሁ። ደስታዬ እንዲህ ነው ብዬ አልነግርሽም። ሱቄ ሳሙና ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ ድሬዳዋ ልሄድ ነው እለዋለሁ፤ አንዷ ደንበኛዬ «እሺ፣ ሳሙናውን ግን ሳትሄጂ ስጪኝ» አለችኝ።

ፍርሃቴንም አልደብቅሽም። እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። አዲስ አበባ እየኖርሽ ከተማ ትፈሪያለሽ ትይኛለሽ። አቃቂን አዲስ አበባ የሚላት ካርታው እንጂ እኛማ ዛሬም ፒያሳ ስንወጣ አዲስ አበባ ልሄድ ነው ነው የምንለው። መርካቶ ቦርሳዬን በምላጭ ከሰነጠቁብኝ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ቦርሳዬን እንደ አራስ ልጅ ነው የማቅፈው። ደግሞ የመንገዱ ወሬ አለ። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ አንድ አንድ ይዞልኝ ይመጣል። አንዱ ከአዳማ ወዲያ መኪና አስቆሙ ይላል፣ ሌላው ባቡሩ በረሃ መሃል ቆሞ ሰዉ በጥም አለቀ ይላል፣ ሌላዋ የድሬዳዋ ሌባ ነጠላሽን ሳያወልቅ ቀሚስሽን ይወስዳል ትላለች። እነሱ ነግረውኝ ይሄዳሉ፤ እኔ ተሸክሜው እቀራለሁ። ልቤ ይመታል፣ የሰው መልስ አዛብቼ እሰጣለሁ።

ጤና ጣቢያ ግፊቴን የምትለካኝ ነርስ፣ የምትፈሪውን ነገር ቀድመሽ ሄደሽ እይው፣ ሲያዩት ያንሳል አለችኝ። አሻግሬን ይዤ ለቡ ያለው ባቡር ጣቢያ ድረስ ለልምምድ ሄድኩልሽ። ጥበቃው እናቴ፣ ዛሬ እኮ የሚሄድ የለም አለኝ። እኔም ዛሬ ፍርሃቴን ላሳየው ነው የመጣሁት፣ የምሄደው ሌላ ቀን ነው አልኩት። ሰውዬው አሻግሬን በዓይኑ ጠየቀው፤ አሻግሬ «እንደምታያት ናት» አለ። አጥሩ ጋ ቆሜ ሐዲዱን አየሁት። ከአባባ ሐዲድ ሰፊ ነው፣ ሣርም አልበቀለበትም። እውነትም ትንሽ አነሰልኝ።

ከዚያ ከውስጥ በምለብሰው ጉርድ ላይ መታወቂያና ስልክ የሚይዝ ኪስ ሰፋሁ። አሰጋሽ አይታ ትንፋሿ እስኪያጥር ሳቀችብኝ። ስልኩ ሲጠራ ጣቢያው መሃል ልትገልቢ ነው ወይ፣ እንዲያ ከሆነስ ሌባው ራሱ አፍሮ ይሸሻል አለችኝ። አሰጋሽን መቼም ታስታውሻታለሽ፣ አጥር የምንጋራትን። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ የምናረዳው አሁንም እኔና እሷ ነን። እኔ አፍ ነኝ፣ እሷ ክንድ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ የሚወድቀውን ትይዛለች። ባለፈው ወር እንኳ ኮዬ ፈጬ ወስደውን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥተን አንዲት እናት አረዳን። አሰጋሽ ጉልበቷ ከድቷት እዚህ የሰቀላቸው ሰው ራሱ ወጥቶ ያርዳቸው እያለች ነበር ደረጃውን የጨረሰችው። በሩ ጋ ስንደርስ ግን እሷም ነጠላዋን አስተካከለች።

ይህ ሥራ የራሱ ወግ አለው። ሰውን በአንድ ጊዜ አትመቺውም። መጀመሪያ «ትንሽ ደከም ብሏታል» እላለሁ፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ተኝታለች። ሰውዬው ልቡን በጥቂት በጥቂቱ ያዘጋጅ። በዋዜማው ራት በደንብ መብላቱን እናያለን፣ ከዚያ በኋላ እህል እንደማይቀምስ እናውቃለንና። ቡፌው ላይ ያለውን ብርጭቆ በሆነ ምክንያት ተውሰን እናወጣለን፤ ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚያርፍበትን አያውቅም። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንገባለን። ለሰው ድንጋጤ ይህን ሁሉ ዘዴ የማውቅ ሴትዮ ለራሴ ጉዞ ግን ከኪስ ሌላ ዘዴ አጣሁ።

አንቺማ አይዞሽን ትተሽ «አብሽሪ» ነው የምትይኝ። የድሬ ሰው ሆነሻል፤ ሁሉን ነገር በአብሽሪ ትጨርሻለሽ። ትኩሳቱን ስጠይቅሽም «ወባ ናት፣ የዚህ አገር ጎረቤት ናት፣ አብሽሪ» ብለሽ ዘጋሽው። እዚያ ደግሞ ትንሹም ትልቁን አንተ፣ አንቺ ነው የሚለው ብለሽኛል። የሳምራ እኩያ «አንቺ» ብላ ብትጠራኝ እንዳልቆጣ ራሴን እያለማመድኩት ነው። አሻግሬ መጣ መሰለኝ፣ በሩ ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረበት። ነገ እቀጥላለሁ።


ሐሙስ

እህት ዓለሜ፣ ነገ ያልኩሽን አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥቼ አስቀመጥኩት፣ አውጥቼ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ አሻግሬ ነበር የመጣው። ከፋብሪካው ፈረቃ ሳይጨርስ። ቆቡን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ውሃ ጠጣ። ከዚያ እህትሽ ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ስልኳም የተዘጋው ለዚህ ነው፣ ቁልቢን አንጠብቅም፣ ቅዳሜ እንሂድ አለኝ። በአንድ ትንፋሽ። ባሌ ይህን ያህል ቃል አከታትሎ የተናገረው በሠርጋችን ቀን ቄሱ ደግመህ በል ሲሉት ብቻ ነው።

እሺ አልኩት። ትኩሳቱ ነው አይደል አልኩት። አዎ አለ፣ ትኩሳቱ ነው። ዓይኑን ግን ቆቡ ላይ ተክሎ ነው።

ሱቄ ገብቼ ተቀመጥኩ። «ትንሽ ደከም ብሏታል።» ይህ የአሻግሬ ቃል አይደለም። እሱ ቢሆን ታመመች ብሎ ይጨርሰዋል። በእኔ አፍ ስንት ቤት የገባች ቃል፣ ዞራ ዞራ የእኔን በር አወቀችው።

ረቡዕ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ስገባ ቡፌው ባዶ ነው። ብርጭቆው፣ ሲኒው፣ ያ አንቺ ለሠርጌ ያመጣሽልኝ የሸክላ ሳህን፣ ሁሉም የለም። አሻግሬን ብጠይቀው አሰጋሽ ወስዳዋለች አለ። አሰጋሽን ብጠይቃት «የእህቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ተውሼሽ ነው» አለችኝ። እህቴ ሙች፣ ልስቅ ነበር። በነቢያት ጾም ማን ነው የሚሞሸረው? ስትናገረው ራሷም ሰማችው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ማለቴ ለጥር ነው፣ ቀድሜ ላጥባቸው ብዬ ነው አለች። ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ መዋሸቱ የእኔ ድርሻ ስለነበር አሰጋሽ አልለመደችውም። ክንድ ናት እንጂ አፍ አይደለችም።

አመሻሹ ላይ በየዓይነቱ አሰናድታ ይዛልኝ መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ አየችኝ። ስተው አጎረሰችኝ ብል ይቀላል፤ እጄ ሲዘገይ የራሷን እጅ ወደ አፌ ትሰዳለች። እኔም በላሁ። ልቧ እንዲያርፍ በላሁላት። ከዚያ እጇን ጠርጋ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ አለችኝ። አሰጋሽ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ በባጃጅ ስትሄድ የሚያስመልሳት ሴት፣ ድሬዳዋ ልትሄድ። ክንዱ ሊከተለኝ ነው ማለት ነው። ክንድ ለምን እንደሚያስፈልገኝ አልጠየቅኳትም።

 ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና እስቲ ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አለችኝ። ድምጿን አውቀዋለሁ። ቀጥላ ምን እንደምትል ከእሷ በላይ አውቃለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አላስጨረስኳትም። አሰጋሽ፣ ድሬዳዋ ሌባ ይበዛል ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ አልኳት።

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አዎ፣ ይበዛል አሉ፣ ስለዚህ እጄን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ አትለቂኝም አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጉንፋን ይዞኛል አለች። ጉንፋን ክፉ ነው አልኳት። እና ቁጭ ብለን ስለ ሌባ አወራን። ጣቢያው ላይ ቦርሳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ባቡር ውስጥ ከማናውቀው ሰው ብስኩት እንደማንቀበል፣ ውሃ ከየት እንደምንገዛ፣ ማን በመስኮት በኩል እንደሚቀመጥ። ሁሉንም ተነጋገርን። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

እህት ዓለሜ፣ እማዬ ያረፈች ጊዜ ትዝ ይልሻል? በስልክ ትንሽ ደከም ብሏታልና ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከነሐላዋሽ መጣሽ፤ ጥርሷ ስለማይችል ለስላሳውን መርጠሽ፣ በጋዜጣ ጠቅልለሽ፣ ደረትሽ ላይ አቅፈሽው። ድንኳኑን ከአስፋልቱ ማዶ ስታዪ ሐላዋውን ሳትጥይ ነበር የጮኽሽው። ከሰባቱ በኋላ፣ ውሸቴ አስቀይሞሽ እንደሆነ ፈርቼ ጠየቅኩሽ። አልተቀየምኩም አልሽኝ። ያልሽኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። አውቶቡሱ ላይ ሳለሁ እማዬ ነበረች አልሽኝ። አዋሽ ላይ ወርጄ ሻይ ስጠጣ ነበረች፣ አዳማ ስገባ ሐላዋውን ምን ትለው ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበረች፣ ያን መንገድ ማንም አይወስድብኝም አልሽኝ።

እኔም ያን መንገድ እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። የሰፈሩ ሰው ሱቄ ይመጣል፣ እግዜር ይማራት ይላል፣ አሜን እላለሁ። ሴቶቹ የማይገዙትን ዕቃ ይዘው ይቆማሉ፣ አስቀምጠውት ይሄዳሉ። እነሱ የሚያውቁትን እንደማላውቅ ሆኜ እቆምላቸዋለሁ፤ ያን ያህል ለፍተውልኝ እንዴት ላሳፍራቸው? እኔም እኮ ስንቱን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ያረዳሁት ሰው ሁሉ ዓይኔን እያየ አሜን ይለኝ የነበረው እንዲህ እያወቀ ይሆን?

ፍርሃቴንም አጥብቄ ይዤዋለሁ። ነርሷ ዛሬ ግፊቴን ለክታ ጨምሯል፣ መንገዱ ነው አይደል የሚያስጨንቅሽ አለችኝ። አዎ፣ መንገዱ ነው አልኳት። ሌባውን፣ በረሃውን፣ ሙቀቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። ጥሩ ነው የፈራሽውን መናገርሽ አለችኝ። ሌባ የሚፈራ ሰው፣ መንገድ የሚፈራ ሰው፣ የሚሄድለት ሰው አለው እህቴ። ባቡሩ ላይ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ቦርሳዬን አቅፌ እፈራለሁ። አዋሽ ላይ እፈራለሁ፣ ሚኤሶ ላይ እፈራለሁ። አንቺም እዚያ ቁጭ ብለሽ ትስቂብኛለሽ።

ስለ ሳምራ አታስቢ። አባቷ ጅቡቲ ገብቶ የውሃ ሽታ ከሆነ ወዲህ ለብቻሽ አሳድገሽ ለዚህ ማድረስሽን እኔ አውቃለሁ። ጣቢያ ልትቀበለኝ ትመጣ ይሆናል። ምን ብለሽ ንገሪያት እንዳሏት አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በልጅ አፍ አይባልም። ስለዚህ እኔ ቀድሜ አቅፋታለሁ። ፊቷን ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ፤ አንዲት ቃል እንድትነግረኝ አላደርጋትም። እስክትለቀኝ ድረስ አልለቃትም። ይህን ሥራ ለሰው ልጅ ሁሉ ስሠራ ኖሬ ለአንቺ ልጅ አያቅተኝም።

አቃቂ ለሳምራ የሚሆን ትምህርት ቤት አለ። እኔ የተማርኩበት አሁን ፎቅ ሆኗል። ከቤት እስከዚያ አስፋልት ማቋረጥ አለ፣ ባጃጁም ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ከአሁን ጀምሮ ልቤን የሚመታኝ ይህ ነው፤ ስትወጣ መቁጠር፣ ስትዘገይ አጥሩ ጋ መቆም። ፍርሃቴ አይለቀኝም መሰለኝ፤ ካልለቀቀኝም ሥራ ይሥራ። ስታጠፋ እቆጣታለሁ፣ ግንባሯን ስትቋጥርብኝ ግን ዝም እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ አጠገብሽ ተቀምጬ አነብልሻለሁ።

ዛሬ ሻንጣዬን አሰናዳሁ። የእኔን ልብስ ጠቅልዬ አንድ ጥግ ላይ ጠቀጠቅኩት። አሻግሬ አይቶ ለምን ግማሹን ባዶ ተውሽው አለኝ። ስንመለስ የልጅ ልብስ ብዙ ነው አልኩት።  ጎንበስ አለና የራሱን ሸሚዞች ከሻንጣው አውጥቶ በፌስታል አደረጋቸው።

የእማዬና የአባባ አምላክ በቀኝሽም በግራሽም ይቁም። ትኩሳትም ድካምም ከእንግዲህ አይድረስብሽ። ያለሽበት ይለምልምልሽ፣ ሰላም እረፊልኝ።

ታላቅ እህትሽ፣ የሳምራ ሰው